የኮረብታው አውቶቡስ

ሰው አድልቶ ይወድቃል፤ ሊቋ የወደቀችው ግን አላዳላም ብላ ነው። አድልታ ቢሆን ኖሮ እንኳ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ተብሎ ይታለፍላት ነበር። ለአባቷ አደላች እንዳትባል ስትጠነቀቅ፣ ስትጠነቀቅ፣ በከተማው ውስጥ ሳትጠይቀው የቀረችው ሰው ቢኖር አባቷን ብቻ ሆነ። እንግዲህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

«ሊቋ» ያላት አባቷ ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ከወንበሩ ኋላ ተቀምጣ የሚሳፈረውንና የሚወርደውን ሰው ስትቆጥር ትውላለች። አንድ ቀን አውቶቡሱ ባዶ ሆኗል ተብሎ ወደ ጋራዥ ሊገባ ሲል፣ «አባዬ፣ ሁለት ሰው አልወረደም» አለችው። ሄዶ ቢያይ እውነትም ኋላ ወንበር ላይ ሁለት እንቅልፋሞች አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲያ ስትወለድ የወጣላት ስም ለወረቀት ብቻ ቀረ፤ ሰው ሁሉ የሚጠራት በዚሁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባችው በነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ዳታ ሳይንስ ትማራለች። ጎረቤት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል፣ አባቷ ደረቱን ነፍቶ «ከቁጥር ጋር ታወራለች» ይላል። ዕድሉ መኝታውንም፣ ምግቡንም፣ ኮምፒዩተሩንም ይሸፍናል። በምትኩ ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ በሳምንት ሁለት ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት እየገባ ሕዝብ ያገለግላል። አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ዘመድ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት መመደብ ክልክል ነው። ዝምድናውን ደብቆ የተገኘ ትምህርቱን ይነጠቃል። ዕጣዋ ሆነና ሊቋ የተመደበችው የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው።

ቀይሩልኝ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ሌላው ክፍት ቦታ አሮጌ ፋይል እያዩ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነበር። ይሄኛው ግን አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ነፍሷ ነው። ቅዳሜ ቤት ሄዳ አባቷን አማከረችው።

«አባዬ፣ ምን ይሻላል?»

«ግቢ እንጂ ምን ይሻላል ትያለሽ። እኔ ታች ጋራዥ፣ አንቺ ላይ ፎቅ። ማን ያገናኘናል?»

«ስማችንስ?»

«የኔን ስም ነው የምትዪው? ገበያ መሀል ቆመሽ የኔን ስም ብትጠሪ ግማሹ ገበያ አቤት ይልሻል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን አባትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ዓይን ያላት ባፈር አትጫወትም፤ ግቢው ውስጥ ብንገናኝ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም» አላት። እሺ አለች።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ እያቃሰተ የሚዞር አንድ ማራገቢያ፣ ጋራዡን ቁልቁል የሚያሳይ መስኮት አለው። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ጠንቃቃ ናት፣ ሰው በወሬ ሲወሰንበት ያማታል። የመጀመሪያ ቀን ሊቋን ከፊቷ አስቀምጣ ሥራውን ነገረቻት። በገበያው መስመር ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ አውቶቡስ ለመግዛት ደግሞ አቅም የለም። ስለዚህ ተሳፋሪ ከሌለው መስመር ላይ አውቶቡሱ ተነስቶ ለገበያው ይሰጣል። የትኛው መስመር እንደሚታጠፍ ዳታው ይናገር።

«ከዚህ ክፍል የሚወጣ ወሬ የለም» አለቻት። «በተለይ ሹፌር ጆሮ እንዳይገባ። የሰማ ሹፌር መስመሩን ለማዳን ሲል ሰው ከየመንገዱ ለቅሞ ይጭናል፣ ቁጥሩ ይበላሽብናል።»

ቁጥሩ የሚመጣው ከማሽን ነው። እያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ ከሹፌሩ ጎን አንድ ማሽን ተተክሏል፤ ተሳፋሪው ሲገባ ካርዱን ያስነካዋል፣ ማሽኑ ጢጥ ይልና አንድ ሰው ይቆጥራል። ሊቋ የዓመቱን ጢጥታ ሁሉ ሰብስባ፣ አጥርታ፣ ሞዴሏን ሠርታ መስመሮቹን በየደረጃቸው ደረደረቻቸው። የመጨረሻው መጨረሻ ላይ የወጣው የኮረብታው መስመር ነው። ከታችኛው ሰፈር ተነስቶ ኮረብታው ላይ እስካለው ሆስፒታል የሚወጣው፤ የአባቷ መስመር። በቁጥሩ ከሄድን አውቶቡሱ ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ይወርዳል።

ክው አለች። ሥራውን አፍርሳ እንደገና ሠራችው፤ ያው ነው። በሌላ መንገድ ሞከረችው፤ ያው ነው። ዶርም ገብታ አልጋዋ ላይ ተዘርግታ ጣራ ጣራ ስታይ፣ ሳቂታ አገኘቻት። ሳቂታ የዶርም ጓደኛዋ ናት፣ ሕግ ተማሪ፤ የታጠበ ካልሲዋን የሊቋ አልጋ ብረት ላይ ማስጣት የማታፍር፣ ምስጢር ግን እንደ ጉድጓድ ውጣ የምታስቀር ልጅ።

«ሂጂና በዓይንሽ እይው በቃ» አለቻት ሁሉን ሰምታ። «መነሻው እኮ ከግቢው በር ሁለት ፌርማታ ነው።»

«የሌሎቹን መስመሮች ሄጄ አላየሁም። ያባቴን ብቻ ሄጄ ካየሁ ማዳላት ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ለማዳላትም ደንብ አወጣሽለት?»

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ሁለት ፌርማታ! ልጅቷ ከሕፃንነቷ ሰው በዓይኗ ስትቆጥር ያደገች ናት። ግን ፈራች። ዝምድናዋን መደበቋ ሲከነክናት ከርሟል፤ ቢያንስ ሥራዬን ንጹሕ ላድርግ አለች። ቅዳሜ ቤት ስትሄድ አባቷ ዳቦ እየቆረሰ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲላት፣ «ምስጢር ነው አባዬ» አለችው። «ይኸው፣ ወልጄ ወልጄ መንግሥት ወለድኩ» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥናቷን አቀረበች። ትልልቆቹ ሰዎች አጨበጨቡ፤ ኃላፊዋ «ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወሬ በማስረጃ ልንወስን ነው» አለች። ከወሩ መባቻ ጀምሮ የኮረብታው መስመር እንዲታጠፍ፣ ሹፌሩም ወደ ሌላ መስመር እንዲዛወር ተወሰነ። ሊቋ ራሷን አጽናናች። ዳገት የሌለው መንገድ ለአባቷ ጉልበት ይሻለዋል፣ ጡረታውም ተቃርቧል፣ የማንም እንጀራ አልተነካም። ደግሞም ባዶ አውቶቡስ ነው፤ ማን ይጎዳል?

ውሳኔው ጋራዡ ውስጥ በተለጠፈ ማግስት፣ አርብ ዕለት፣ ምስጢርነቱም አበቃ ብላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብሬው ልሂድ ብላ መነሻው ፌርማታ ሄደች።

ፌርማታው ላይ የቆመውን ሰው ስታይ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰላት። ራጅ በፖስታ የያዘ አለ፤ ክንዱ ላይ ጥጥ የተለጠፈበት አለ። ለበሽተኛ ልብስ በፌስታል የያዙ እህትማማቾች አሉ። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ትከሻ ተንጠልጥለው ቆመዋል። አውቶቡሱ መጣና ሰው ሁሉ ሳይጋፋ፣ ደካማውን እያስቀደመ፣ ገባ። ሊቋ በሰው መሀል ሆና ስትወጣ አባቷ አላያትም። ካርዷን አውጥታ ወደ ማሽኑ ዘረጋች። ማሽኑ ግን አይታይም፤ የአባቷ የደንብ ልብስ ኮፍያ ተደፍቶበታል።

ወድቆበት ነው ብላ ልታነሳለት ስትል ከኋላዋ ያለች ሴት ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«ተይው እህቴ። ኮፍያው ከተደፋ ካርድ አያስፈልግም። ለበሽተኛና ለአስታማሚ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ተቆጣጣሪ ካልመጣ ሁልጊዜ። በዚህ መንገድ በሽተኛ ያልሆነ ማን ይወጣል ብለሽ ነው?»

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ዳገቱን ጀመረ። ሊቋ ብረቱን ይዛ ቆመች። እናቷ የኩላሊት እጥበት ላይ በነበረችበት ዘመን የምትወጣው በዚሁ መንገድ ነበር። ያኔ አባቷ የሚከፍሉት የሌላቸውን ሰዎች እያወረደ ያልፍ ነበር፤ ደንብ ነዋ። እናቷ ከሞተች በኋላ ግን እጁ እምቢ አለው። ማሽን ሲመጣ ደግሞ ከማሽን ጋር ከመጨቃጨቅ ኮፍያ መድፋት ቀለለው። ለልጁ አልነገራትም፤ ምን ብሎ ይንገራት? ማሽኑም ኮፍያ ሥር ሆኖ ማንንም ሳያይ ዓመቱን ሙሉ ባዶ፣ ባዶ እያለ ለሊቋ ሲልክላት ከረመ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ሁሉ «ያኑርህ»፣ «ክፉ አይንካህ» እያለ ወረደ። እሷ ቀረች። አባቷ በመስተዋቱ ሲያያት ፊቱ በራ።

«ሊቋ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው ዛሬ ከየት ተገኘሽ?»

«አባዬ፣ መስመሩን ያሳጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ አያት። ኮፍያውን ከማሽኑ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምስጢር ነው አሉኝ። ደግሞ… ለአንተ እንዳላዳላ ብዬ።»

አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት በተሻላት። ከወንበሩ ፊት ተንበርክካ አለቀሰች። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ማሽኑ ተሸፍኖ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ እላቸዋለሁ።»

«ማን ሸፈነው ሲሉሽስ? አንቺ ምኑ ነሽ ሲሉሽስ?» እንባዋን በእጅጌው ጠረገላት። «እኔ እኮ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ። እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። መስመሩም ይተርፍ ይሆናል። አንቺ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።»

በእናቷ አጥንት ካሏት ወዲያ ሊቋ ምን አፍ አላት?

ሰኞ ዕለት ኃላፊዋ ቢሮ መጣ። የደንብ ልብሱን ተኩሶታል፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ሊቋ ጥግ ላይ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣለች። አላያትም፤ ማለቴ፣ እንዳላየ ሆነ። ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አውቶቡሱ ባዶ አይደለም፤ ማሽኑን የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱን እኔ ልቀበል፣ መስመሩን ግን አታጥፉት፣ እነዚያ ሰዎች ዳገቱን በእግራቸው አይችሉትም አለ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው። ፊቷ ላይ ንዴትም ኀዘንም ነበረበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መስመሩ ሲታጠፍ የሚጎዳ ሹፌር ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል። አሁን ሰው ልኬ ባስቆጥር እንኳ፣ ከየመንገዱ ለቅመው እንዳልጫኑ በምን ልመን? ይህን ያየ፣ የሚመሰክርልዎ የመሥሪያ ቤቱ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እዚህ ቢሮ የሚያውቅዎ ሰውስ?»

«ማንም የለኝም እመቤቴ።»

ያኔ ኃላፊዋ ወደ ሊቋ ዞረች። «ዳታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰውየው እንደሚሉት አውቶቡሱ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ?»

ቀና አለች። አባቷ በመስኮቱ በኩል ጋራዡን ያያል። አንድ ቃል ነው የቀራት። «አባቴ ነው፣ አርብ ዕለት አብሬው ነበርኩ» ብትል አለቀ፤ ምስክሩ ተገኘ፣ ትምህርቷ ሄደ። የእናቷ አጥንት፣ የሦስት ዓመት ድካም፣ የዶርሟ አልጋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ ተደቀኑ።

«ዳታው ላይ… አይታይም» አለች።

ውሸት አይደለም። ዳታው ላይ በእርግጥ አይታይም። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ክፉ እውነት ሰምቼ አላውቅም። አባቷ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ደግ አደረግሽ እንደማለት። ለኃላፊዋ እጅ ነሥቶ ወጣ።

መስመሩ ታጠፈ። እሱም ጡረታው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተባረረ፤ ጋራዡ ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ «የመንግሥትን ገቢ በማጉደል» ይላል። ገቢ አጎደለ ማለትና በላ ማለት በሰው አፍ አንድ ነው። ከጋራዥ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሰፈር ወሬው ሮጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቋ ቤት ስትነቃ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማውን አስሮ ተቀምጧል። ገና አልነጋም።

«የት ልትሄድ ነው አባዬ?»

ጫማውን አየ። «እንጃ» አለ። «እግሬ ቀድሞኝ ነው የነቃው።» ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር፤ ጣቶቹ እንቢ አሉት፤ እሷ ተቀምጣ ፈታችለት። እንባዋ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ትምህርቱን ይውሰዱት፣ አልፈልገውም።»

«አሁን ብትነግሪያቸው እኔን ይመልሱኛል?»

ጫማውን አውልቃ አልጋው ሥር አስቀመጠችለት።

«አይመልሱኝም። ታዲያ አንቺም ከተባረርሽ እኔ በከንቱ ነዋ የተባረርኩት። ተማሪ። ሌላ የምልሽ የለኝም።» ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳውም። ሻይ አፈላላት፣ ኮቷን አቀበላት፣ እስከ በሩ ሸኛት። አልተቀየማትም፤ እሷን የፈጃት ይሄው ነው።

ግቢ ተመልሳ ክፍል ገባች፣ ፈተና ተፈተነች፣ ካፌ ተሰለፈች። ዩኒቨርሲቲው «ዳታን ለሕዝብ አገልግሎት ያዋለች» ብሎ በአዳራሽ ሸለማት፤ ስሟ ሲጠራ መድረክ ላይ ወጥታ የሰዎች እጅ ጨበጠች። ሳቂታ ከአዳራሹ ኋላ ቆማ አላጨበጨበችም። ማታ ልብስ ማጠቢያው ጋ ቧንቧ ከፍታ ስታለቅስ ያገኘቻት እሷው ናት፤ አንድም ቃል ሳትናገር ቧንቧውን ዘግታ ይዛት ገባች።

ከሽልማቱ በኋላ በነበረው ሳምንት ሊቋ እግሯ ወደ ኮረብታው መንገድ ወሰዳት። አጋማሹ ላይ አሮጌው ፌርማታ አለ፤ ቁጥሩን በቀለም ቀብተውታል፣ አግዳሚው ግን አለ። አግዳሚው ላይ አንዲት ባልቴትና ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው በአፋቸው ይተነፍሳሉ።

«እማማ፣ አውቶቡሱ እኮ ቆሟል» አለቻቸው።

«እናውቃለን ልጄ። ለእጥበት እየወጣን ነው፤ እስቲ ትንፋሹ ይመለስለት ብለን ነው።» የባለቤታቸውን አንገት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሹፌሩ ብር በልቶ ተባረረ አሉን። ሆዴ አላምን ብሎኝ ነበር። እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ። መቼም የሰው ልብ አይታወቅም።»

«አልበላም» አለች ሊቋ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንድ ሳንቲም አልበላም። አባቴ ነው። እኔ ልጁ ነኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያን ቃል ቢሮው ውስጥ ብትለው አንድ ነገር ይሆን ነበር፤ እዚህ ዳገት መሀል ግን ከሁለት የደከሙ ሰዎች በቀር ሰሚ የለውም።

ባልቴቷ ግን ተነሡ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ፊታቸው ባንዴ ተፈታ።

«ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጁ? ውይ የኔ እመቤት፣ አንቺ ነሽ? ለማንም እንዳትናገሩ እያለ፣ ስላንቺ ስንቱን ሲያወራልን ነበር! ልጄ መሥሪያ ቤቱ ገብታለች፣ ሰው ቆሞ እንደሚሄድ አታጣውም፣ እሷ ካየችው አንድ አውቶቡስ ታስጨምርልናለች ይለን ነበር። እኛም እየጠበቅን ነው።» ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «ሰማህ? ልጅቷ ናት!» አሏቸው። ሰውየው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ይሄኛውን ያቆማችሁት ሌላ ጨምራችሁ ልትመልሱልን ነዋ? እና የኔ ልጅ፣ ሁለቱ አውቶቡሶች መቼ ነው የሚመጡት?»

ሊቋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባልቴቷ ግን እጇን እንደያዙ መልሱን ይጠብቁ ነበር።